«ፈጣን» ማሽን የቱ ነው? ስለ አንድ የማሽን መምረጫ ጽሑፍ ትርጉም የቀረበ ሂስ

ትናንሽ የአሉሚኒየም ክፍሎችን ለማምረት ያሰበ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ማሽን ከመግዛቱ በፊት የሚያማክረው ሰውን ብቻ ሳይሆን ጽሑፍንም ነው። ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ በመሐንዲሱና በገዢው መካከል ተርጓሚ ይቆማል። ተርጓሚው አንድን ቃል ያለቦታው ቢያውል የልቦለድ አንባቢ ጥቂት ቅር ይለው ይሆናል እንጂ ከኪሱ የሚጎድል ነገር የለም። የማሽን ገዢ ግን በተሳሳተው ቃል ተመርቶ ለዓመታት የሚቆጭበትን ዕቃ ሊያስመጣ ይችላል። የስያሜ ጉዳይ በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች መካከል የሚቀር ክርክር አለመሆኑ እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ጎልቶ ይታያል።

በቅርቡ ለአስተያየት የቀረበልን ረቂቅ ትርጉም ይህንን ጉዳይ በዝርዝር እንድንመረምር ምክንያት ሆኖናል። ረቂቁ ለትናንሽ የአሉሚኒየም ክፍሎች ሥራ የሚስማማ ባለ ከፍተኛ ፍጥነት ሚሊንግ ማሽን እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ መምሪያ ነው። የተርጓሚውንም ሆነ ሥራውን ያስተረጎመውን ድርጅት ስም ከመጥቀስ ተቆጥበናል፤ የምንነቅፋቸው ጉድለቶች የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆኑ በዚህ ሙያ የተሠማራን የሁላችንም ናቸውና።

በቅድሚያ የረቂቁን መልካም ጎን መመስከር ይገባናል። ዐረፍተ ነገሮቹ በአማርኛ ሥርዐት የተዋቀሩ እንጂ ከባዕድ ቋንቋ እንዳሉ የተገለበጡ አይደሉም። ቁጥሮቹና መስፈርቶቹ በጥንቃቄ ተላልፈዋል። ተርጓሚው ባልገባው ነገር ላይ ቃል ፈጥሮ ለማለፍ አልሞከረም። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ረቂቁን አንብቦ ማሽን ለመምረጥ የተነሣ ሰው ሊሳሳት እንደሚችል ተገንዝበናል። ስሕተቱ የሚመጣው አንባቢውን ከሚያስደነግጡት እንግዳ ቃላት ሳይሆን ሳያስደነግጡ ከሚያልፉት የታወቁ ቃላት መሆኑን ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን።

1. የማሽኑ ስም

ሚሊንግ ማሽን ማለት ጥርሶች ያሉትን መቁረጫ እያሽከረከረ፣ በሞርሳ ከተያዘው ብረት ላይ ፍቅፋቂ እያነሣ ቅርጽ የሚያወጣ ማሽን ነው። ረቂቁ ይህንን ማሽን በመጀመሪያው ምዕራፍ «የወፍጮ ማሽን»፣ በሁለተኛው «የመፍጫ ማሽን»፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ «ሚሊንግ ማሽን» ይለዋል። ተርጓሚው እያደር ወደ ወርክሾፑ ቋንቋ መመለሱ የጤናማ ስሜት ምልክት ነው። በእንግሊዝኛ እህል የሚፈጭበትና ብረት የሚቆረጥበት ማሽን ስም ዝምድና ቢኖራቸውም፣ በአማርኛ «ፈጨ» የሚለው ግስ አንድን ነገር አድቅቆ ዱቄት ማድረግን ያመለክታል። ከዚህም በላይ ቃሉ ለሚሊንግ ከተሰጠ በሚፍቅ ድንጋይ እየተሽከረከረ ብረትን ለሚያደቅቀው ለግራይንደር የሚቀርለት ምን ይሆናል? በጀርመንኛና በጣሊያንኛ የዚህ ማሽን ስም ከእህል ወፍጮ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ስለሆነም የእንግሊዝኛውን ዘይቤ አማርኛ እንዲወርስ የሚያስገድደው ነገር አይታየንም።

ከአገር ውስጥ ግሶች መካከል ሊታጩ የሚችሉትን አንድ በአንድ መርምረናል። «ሰረሰረ» በመሰርሰሪያ ተይዟል፤ «ላገ» በቀጥታ መስመር የሚሄደውን የአናጢ መላጊያ ያስታውሳል፤ «ሞረደ» የሞረድ ነው፤ «ጠረበ» በመሣሪያ እየመቱ ማንሣትን ያመለክታል፤ «ቦረቦረ» ጎድጓዳውን ሥራ እንጂ ጠፍጣፋውን አያጠቃልልም። «ፋቀ» በስሱ ማንሣትን በመግለጽ ከሁሉም የቀረበ ቢሆንም መሽከርከርን አይነግረንም። እያንዳንዱ ግስ ባለቤት አለው። በመሆኑም የወርክሾፑን «ሚሊንግ» እንዳለ መቀበሉን እንመርጣለን። የእጅ ሙያችን ሞርሳን፣ ትራፓኖን፣ ቶርኖን፣ ብሎንንና ካቻቪቴን ከጣሊያንኛ ተቀብሎ ሲሠራባቸው በመኖሩ የደረሰበት ጉዳት የለም። የማሽን ስም መለያ ነው፤ መለያ እስካላሳሳተ ድረስ ይበቃል። ስሙ ሥራውን ሁሉ እንዲገልጽ መጠበቅም ተገቢ አይደለም። ፋኑክ የተባለው የጃፓን ድርጅት የሚሠራው ሮቦድሪል በስሙ መሰርሰሪያ ቢመስልም ሚሊንግም የሚሠራ፣ በትናንሽ የአሉሚኒየም ክፍሎች ምርትም በሰፊው የሚታወቅ ማሽን ነው።

2. ዘንግና እንዝርት

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበን የማሽኑ አካላት ስያሜ ነው። ረቂቁ መቁረጫውን ይዞ የሚሽከረከረውን ክፍል «ዘንግ» ይለዋል። ማሽኑ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስባቸውን ሦስት አቅጣጫዎችም እንዲሁ «ዘንጎች» ይላቸዋል። «የዘንጉ ፍጥነት ከፍ ያለ ይሁን» የሚለውን ምክር ያነበበ ሰው ታዲያ በየትኛው ይሂድ? መቁረጫው በደቂቃ የሚዞረውን ብዛት ነው ወይስ ጠረጴዛው የሚጓዝበትን ፍጥነት? ሁለቱ በዋጋም በአሠራርም የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ለሚሽከረከረው ክፍል «እንዝርት» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። ጥጥ ስትፈትል የነበረችን ሴት ያየ ሁሉ እንዝርት በራሱ ማእከል ላይ እንደሚሾር ያውቃል። ቃሉ ሕያው ነው፤ ከመሽከርከር በቀርም ሌላ ነገር አያሳስብም። እንግሊዝኛውና ጀርመንኛውም ለዚሁ የማሽን አካል ከመፍተያው ዕቃ የወሰዱትን ስም ነው የሚጠቀሙት። «ዘንግ» የሚለው ቃል እንግዲህ ለእንቅስቃሴ አቅጣጫ ብቻ ይቀራል። በዚህ ረገድ በመካከላችን ሙሉ ስምምነት አልነበረም። አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ስፒንድል» የሚለው በባለሙያው ዘንድ ስለለመደ እንዳለ ይያዝ ብለዋል። ይህ አስተያየት ክብደት ያለው በመሆኑ፣ በመማሪያ ጽሑፍ ውስጥ «እንዝርት» መጀመሪያ በገባበት ሥፍራ «ስፒንድል» አብሮ እንዲጠቀስ ተስማምተናል።

3. በአንድ ቃል የተጠቀለሉ ፍጥነቶች

የረቂቁ ዋና ጉድለት እዚህ ላይ ነው። በማነጻጸሪያው ሠንጠረዥ ውስጥ ሦስት ዓምዶች «ፍጥነት» የሚል አንድ ርዕስ ተሰጥቷቸዋል፤ በሐተታውም ውስጥ ሌሎች ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች በዚሁ ቃል ተገልጸዋል። አምስቱን ለያይተን እንመልከት።

የመጀመሪያው እንዝርቱ በደቂቃ የሚያደርገው የዙር ብዛት ነው። ሁለተኛው የመቁረጫው ጥርስ ጫፍ በብረቱ ላይ የሚያልፍበት ፍጥነት ሲሆን በሜትር በደቂቃ ይለካል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚገኘው የመቁረጫውን ውፍረት በ3.14 እና በዙሩ ብዛት በማባዛት ነው። 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መቁረጫ በደቂቃ 8,000 ጊዜ ቢዞር የጥርሱ ጫፍ በደቂቃ 1,250 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚያው ማሽን ላይ፣ በዚያው ዙር 3 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ብንገጥም ግን ፍጥነቱ ወደ 75 ሜትር ይወርዳል። በካርባይድ መቁረጫ አሉሚኒየም የሚቆረጠው እንደ ልማዱ በደቂቃ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ሁኔታ ፈጣን የነበረው ማሽን በሁለተኛው ዘገምተኛ ሆኗል ማለት ነው። እንዝርቱ 24,000 ዙር ቢኖረው 3 ሚሊ ሜትሩ መቁረጫ 226 ሜትር ያህል ይደርስ ነበር። ትናንሽ ክፍሎች በትናንሽ መቁረጫዎች ስለሚሠሩ ብዙ ዙር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። «ፈጣን ማሽን» የሚለው አባባል የመቁረጫው ውፍረት ካልተነገረበት ትርጉም የለውም።

ሦስተኛው መቁረጫው ወደ ብረቱ እየገባ ወደ ፊት የሚራመድበት ፍጥነት ነው። ረቂቁ ይህንን አንዳንዴ «ፍጥነት»፣ አንዳንዴ «ምገባ» ይለዋል። «ምገባ» በቀጥታ ከእንግሊዝኛው የተወሰደ ሲሆን፣ አማርኛ አንባቢን የሚወስደው ወደ ማእድ ቤት እንጂ ወደ ወርክሾፕ አይደለም። ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ወደ ፊት መራመድን በሚገልጽ ቃል ስለሚጠሩት እኛም «ግስጋሴ» የሚለውን እንመርጣለን። የግስጋሴው መጠን የሚገኘው የዙሩን ብዛት፣ የጥርሶቹን ብዛትና አንድ ጥርስ በአንድ ዙር የሚያነሣውን ውፍረት በማባዛት ነው። ሁለት ጥርስ ያለው መቁረጫ በየጥርሱ 0.03 ሚሊ ሜትር እያነሣ በ24,000 ዙር ቢሠራ ግስጋሴው በደቂቃ 1,440 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በ8,000 ዙር ግን 480 ብቻ ነው። በሥራው ላይ የሚጠፋው ጊዜ ሦስት እጥፍ የሚለያየው ከዚህ የተነሣ ነው።

አራተኛው ማሽኑ ብረት ሳይቆርጥ ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላ ሥፍራ የሚሄድበት ፍጥነት ሲሆን «የባዶ ጉዞ ፍጥነት» ብንለው ይበቃል። በሻጮች ሠንጠረዥ ላይ ጎልቶ የሚታተመው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በደቂቃ 48 ሜትር የሚል ቁጥር ያየ ገዢ ማሽኑ በዚያ ፍጥነት የሚቆርጥ ሊመስለው ይችላል።

አምስተኛው ፍጥነት ሳይሆን ፍጥነቱ ራሱ የሚጨምርበት መጠን ነው፤ «ፍጥንጥነት» እንበለው። ረቂቁ ከፍጥነት ጋር አንድ አድርጎታል። ለትናንሽ ክፍሎች ግን ወሳኙ ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በደቂቃ 10 ሜትር እንዲገሰግስ የታዘዘ ማሽን ፍጥንጥነቱ በሰኮንድ በሰኮንድ 2 ሜትር ቢሆን፣ የታዘዘው ፍጥነት ላይ ለመድረስ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ለመቆምም ያንኑ ያህል ይፈልጋል። የክፍሉ ጎን 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ እንግዲህ ማሽኑ የታዘዘውን ፍጥነት ከቶ አይደርስበትም። ፍጥንጥነቱ 10 ሜትር ቢሆን ግን አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ ሳይሞላ ይደርሳል። በመስኩ የቆዩ ባለሙያዎች ይህንን በልምድ ያውቁታል፤ በአማርኛ ግን የሚለዩበት ቃል ካልሰጠናቸው ለአዲስ ተማሪ ሊያስተላልፉት አይችሉም።

4. «ከፍተኛ ፍጥነት» በየዘመኑ

ሌላው ችግር «ከፍተኛ ፍጥነት» የሚለው ሐረግ በዘመናት መካከል ትርጉሙን መለወጡ ነው። ቴይለርና ዋይት የተባሉ አሜሪካውያን በ19ኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ላይ በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ ባደረጉት ሙከራ፣ ቢግልም ስለቱን የማያጣ የመቁረጫ ብረት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን የታየው ይህ ብረት «ባለ ከፍተኛ ፍጥነት ብረት» የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ለዘመኑ ትክክል ነበር። ኋላ ካርባይድ ከመጣ ወዲህ ግን ያ ብረት ከዘገምተኞቹ ወገን ተቈጥሯል፤ ስሙ ግን አልተለወጠም።

ረቂቁ ይህንን የብረት ስም ቃል በቃል በመተርጎሙ፣ አንባቢው «ባለ ከፍተኛ ፍጥነት መቁረጫ» የሚለውን ለ«ባለ ከፍተኛ ፍጥነት ማሽን» የተፈጠረ አድርጎ እንዲረዳ ይገፋፋዋል። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብዙ ዙር ባለው ማሽን ላይ ለትናንሽ መቁረጫዎች የሚመረጠው ካርባይድ ነው። ስለዚህም ብረቱ በወርክሾፕ እንደሚጠራው «ኤች ኤስ ኤስ» ተብሎ ቢቀር ይሻላል።

በከፍተኛ ፍጥነት የመቁረጥ ሐሳብ ራሱ ረዥም ታሪክ አለው። ካርል ሳሎሞን የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1931 ባገኘው ፓተንት፣ የመቁረጥ ፍጥነት ከተለመደው አምስት እስከ ዐሥር እጥፍ ሲያልፍ በስለቱ ላይ ያለው ሙቀት መልሶ ይቀንሳል ብሎ ነበር። ከእሱ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች የሙቀቱን መውረድ እሱ በሣለው መጠን አላረጋገጡለትም። የአሠራሩ ጥቅም ግን በተለይ በአሉሚኒየም ላይ ጸንቶ ቀርቷል። በሳሎሞን አነጋገር «ፍጥነት» የሚያመለክተው ሁለተኛውን፣ ማለትም የመቁረጥ ፍጥነትን እንጂ የእንዝርት ዙርን አለመሆኑን ተርጓሚዎች ልብ ሊሉት ይገባል።

5. ጥንካሬ፣ ብርታት፣ ግትርነት

«አሉሚኒየም ጠንካራ ስላልሆነ ማሽኑም ብዙ ጥንካሬ አያስፈልገውም» የሚል ዐረፍተ ነገር በረቂቁ ውስጥ እናገኛለን። በዋናው ጽሑፍ ሦስት የተለያዩ ባሕርያት የነበሩት እዚህ በአንድ ቃል ተጠቅልለዋል። በሌላ ነገር ላለመጫር ወይም ላለመሠርጎድ የሚያሳዩት ተቃውሞ «ጥንካሬ» ይባል። ሳይበጠሱ ሸክም መቻል «ብርታት» ይሁን። በሸክም ሥር ላለመጉበጥ ያለው ባሕርይ ደግሞ «ግትርነት» ቢባል ይስማማል።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። 7075 የተባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ በሙቀት ተስተካክሎ ሲሠራ በብርታቱ ከተራ ብረት ይበልጣል፤ ግትርነቱ ግን የብረት ሲሦ ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም ከዚህ ቅይጥ የሚሠራ ስስ ግድግዳ በመቁረጫው ግፊት ይጎብጣል፤ መጠኑም ይዛነፋል። ቀጭኑም መቁረጫ እንዲሁ ነው፤ ከመያዣው ውጭ ያለው ርዝመት እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከማሽኑ የሚፈለገው እንግዲህ ብርታት ሳይሆን በዋነኛነት ግትርነት ነው። ኃይልም ቢሆን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ብዙ አያስፈልግም። ከላይ የጠቀስነው 3 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ሙሉ ውፍረቱን ይዞ 1.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ቢቆርጥ ከ100 ዋት ብዙም የማይርቅ ኃይል ነው የሚወስደው። «ጠንካራ ማሽን» የሚለውን ሐረግ «ትልቅ ሞተር ያለው» ብሎ የተረዳ ገዢ የማያስፈልገውን ገዝቶ የሚያስፈልገውን ሊያጣ ይችላል።

6. ትክክለኛነት

በመጨረሻም «ትክክለኛነት» የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን ተሸክሟል። አንደኛው ማሽኑ ከታዘዘበት ነጥብ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ሁለተኛው በተደጋጋሚ ወደ አንድ ነጥብ ሲላክ የሚደርስባቸው ሥፍራዎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ነው። ሦስተኛው ማሽኑ ሊታዘዝበት የሚችለው ትንሹ እርምጃ ነው። ሰሌዳው 0.001 ሚሊ ሜትር ስላነበበ ብቻ ማሽኑ በዚያ መጠን ይሠራል ማለት አይደለም። የመጀመሪያውን «ትክክለኛነት»፣ ሁለተኛውን «ድግግም ጽናት»፣ ሦስተኛውን በግልጽ «ትንሹ እርምጃ» ማለት በቂ ነው።

አይ ኤስ ኦ 230 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት በሁለተኛው ክፍሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለይቶ ይለካቸዋል። አንዱን ማሽን በተለያዩ አገሮች መስፈርት ብንለካው የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ተርጓሚው ቁጥሩን ብቻ አስተላልፎ የመስፈርቱን ስም ቢተው ማነጻጸሩ ከንቱ ይሆናል። በረቂቁ ውስጥ በሁለት ሥፍራ ይህ ተደርጓል። አሉሚኒየም በየዲግሪው ሙቀት በሜትር 0.023 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍል በ10 ዲግሪ ቢሞቅ 0.023 ሚሊ ሜትር እንደሚጨምርም መዘንጋት የለበትም። የክፍሉ ሙቀት ካልተጠበቀ ማሽኑ ምንም ያህል ትክክለኛ ቢሆን ብቻውን አያድንም።

ማጠቃለያ

«ፈጣን፣ ጠንካራና ትክክለኛነቱ ከፍ ያለ ማሽን ይምረጡ» የሚለውን የረቂቁን ምክር እንግዲህ በሚከተለው ብንተካው እንመርጣለን፦ «በሚገጥሙት ትንሹ መቁረጫ ተፈላጊውን የመቁረጥ ፍጥነት የሚያስገኝ የእንዝርት ዙር፣ በአጭር መንገድ የታዘዘው ግስጋሴ ላይ የሚያደርስ ፍጥንጥነት፣ መቁረጫው እንዳይንቀጠቀጥ የሚያስችል ግትርነት፣ እንዲሁም በታወቀ መስፈርት የተለካ ድግግም ጽናት ያለውን ማሽን ይምረጡ።» ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል፤ ገዢው ግን ሻጩን ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

በውይይታችን የደረስንባቸው ቃላት የሚከተሉት ናቸው፦

እንዝርት፦ መቁረጫውን ይዞ የሚሽከረከር የማሽን አካል።
ዘንግ፦ ማሽኑ የሚንቀሳቀስበት አቅጣጫ።
የመቁረጥ ፍጥነት፦ የጥርስ ጫፍ በብረቱ ላይ የሚያልፍበት ፍጥነት።
ግስጋሴ፦ መቁረጫው እየቆረጠ ወደ ፊት መራመዱ።
የባዶ ጉዞ ፍጥነት፦ ማሽኑ ሳይቆርጥ የሚሄድበት ፍጥነት።
ፍጥንጥነት፦ ፍጥነት በጊዜ የሚጨምርበት መጠን።
ግትርነት፦ በሸክም ሥር ያለመጉበጥ ባሕርይ።
ድግግም ጽናት፦ ወደ አንድ ነጥብ በተደጋጋሚ ሲላኩ የመቀራረብ መጠን።

ከዚህ ሥራ ያገኘነው ትምህርት ባጭሩ ይህ ነው። ባዕድ ቃል በወርክሾፕ ከለመደና ካላሳሳተ እሱን ለማባረር ጉልበት ማባከን አያስፈልግም። ጉልበታችን ሊውል የሚገባው አንድ የአማርኛ ቃል ብዙ ጽንሰ ሐሳቦችን ተሸክሞ አንባቢውን በሚያሳስትበት ሥፍራ ነው። እንግዳው ቃል አንባቢውን ቢያንስ እንዲጠይቅ ያደርገዋል፤ የታወቀው ግን ሳያስጠይቅ ያሳስተዋል። በዚህ መስክ የሚሠሩ መምህራን፣ ባለሙያዎችና ተርጓሚዎች ከላይ የቀረቡትን ቃላት በሥራ ላይ ፈትነው፣ የማይስማሙትን ከነምክንያታቸው ቢያስታውቁን ለቀጣዩ ዝግጅት ከፍ ያለ እርዳታ ይሆነናል።